ከኤምአርአይ ማግኔት አጠገብ ለዓመታት መሥራት የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር ይቀንሳልን?

ጥያቄ፦ ራዲዮግራፈሯ፣ ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች።

በአንድ ሆስፒታል የምስል ምርመራ ክፍል ውስጥ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በኤምአርአይ ባለሙያነት እየሠራሁ ነው። መሣሪያችን 1.5 ቴስላ (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ሲሆን፣ ሕሙማንን ለማስተኛት፣ የጭንቅላትና የጀርባ መቀበያዎችን ለመግጠምና መድኃኒት ለመውጋት በቀን ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ጊዜ ያህል ወደ መሣሪያው አፍ እቀርባለሁ። ባለፈው ወር ለዓመታዊ የጤና ምርመራ ደም ስሰጥ የነጭ የደም ሕዋሳቴ ቁጥር በማይክሮሊትር 3,400 ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህ ውስጥ ኒውትሮፊሎቹ 1,300፣ ሊምፎሳይቶቹ 1,700 ናቸው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው መደበኛ ልክ ከ4,000 እስከ 11,000 በመሆኑ ከቁጥሬ ጎን ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ታትሟል። ትኩሳት የለኝም፣ አልከሳሁም፣ ከሌሎች ሰዎች በተለየ ሁኔታም አልታመምም። ይሁን እንጂ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ባልደረባዬም በዚያው ሳምንት ተመርምሮ ቁጥሩ 3,100 ስለሆነ፣ በክፍላችን ውስጥ «ማግኔቱ ደማችንን እየጎዳው ነው» የሚል ሥጋት ተሰራጭቷል፤ አንዲት ወጣት ባለሙያም ወደ ኤክስሬይ ክፍል እንድትዛወር ማመልከቻ አስገብታለች።

ጉዳዩን ራሴ ለማጥናት ሞክሬ ነበር። አንደኛው ጽሑፍ ከኤምአርአይ ምርመራ በኋላ በሊምፎሳይቶች ዲኤንኤ ላይ ስብራት ታይቷል ሲል፣ ሌላው ምንም ለውጥ እንደሌለ ይናገራል። ሁለቱም የታተሙት በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ነው። ስለዚህ መግነጢሳዊ መስክ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን በእርግጥ የሚለውጥ ከሆነ በምን መንገድ እንደሚለውጥ፣ የእኔ ቁጥር ከሥራዬ ጋር ሊያያዝ ይችል እንደሆነና ከሁለቱ ተቃራኒ ውጤቶች የትኛውን ማመን እንዳለብኝ እውቀቱ ያላችሁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ የደም ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከጅማ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ከቁጥሮቹ ጋር ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። ስለ ማግኔቱ ሌሎች ይመልሱልዎት፤ እኔ ማግኔቱ ከመወቀሱ በፊት መታየት ያለበትን ነገር ልናገር።

በመጀመሪያ፣ በውጤት ወረቀቱ ላይ የታተመው ልክ የማን ልክ ነው? አብዛኞቹ የደም መቁጠሪያ ማሽኖች ይዘውት የሚመጡት መደበኛ ልክ በአውሮፓና በአሜሪካ ነዋሪዎች ላይ የተሠራ ነው። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በርካታ ሕዝቦች ዘንድ ግን የኒውትሮፊል ቁጥር ያለ ምንም በሽታ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ኢትዮጵያውያን፣ በእስራኤል የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንና የየመን አይሁድም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ምክንያቱ በዋናነት ከአንድ የዘር ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ የሚገኘው ዳፊ የተባለው ተቀባይ የሌላቸው ሰዎች ኒውትሮፊሎቻቸው ከደም ሥር ወጥተው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ፈጥነው ይሄዳሉ። የአጥንት መቅኒያቸው እንደ ማንም ሰው ያመርታል፣ ኢንፌክሽንንም እንደ ማንም ሰው ይከላከላሉ፤ በሲሪንጅ ስንቀዳ በደም ውስጥ የምናገኘው ቁጥር ብቻ ያንሳል። ይኸው ለውጥ ከቪቫክስ ወባ ጋር በተያያዘ የሚታወቀው ነው። 1,300 ኒውትሮፊል በመማሪያ መጻሕፍት «ከ1,500 በታች» በሚለው መስመር ሥር ይወድቃል፤ ለከባድ ኢንፌክሽን የሚያጋልጠው ደረጃ ግን ከ500 በታች ያለው ነው።

ስለ ሊምፎሳይቶችም አገራዊ ማስረጃ አለን። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት፣ ከኤችአይቪ ነጻ የሆኑ ጤናማ ኢትዮጵያውያን አማካይ የሲዲ4 (አንዱ የሊምፎሳይት ዓይነት) ቁጥር 775 ሲሆን የኔዘርላንድሳውያኑ 993 እንደነበረ አሳይቷል። ይህ ልዩነት የታየው ማንም ወደ ኤምአርአይ ሳይጠጋ ነው። እንግዲህ የአንድን ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ደም ከአውሮፓ ልክ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ለማግኔት መስጠት ምን ያህል ቀላል ስህተት እንደሆነ ይመልከቱ።

ሁለተኛው ነገር የሰዓቱ ነው። በደም ውስጥ ያሉ ሊምፎሳይቶች ቁጥር ሌሊት ከፍ ይላል፤ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በሚጨምርበት በጠዋቱ ደግሞ ዝቅ ይላል። አንዱን ምርመራ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ወይም አንዱን ከሌሊት ተረኝነት በኋላ የሰጠ ሰው የሁለቱን ልዩነት የበሽታ ምልክት አድርጎ ሊያነበው አይገባም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ሥራ ሲቀጠሩ ወይም ከዚያ በፊት የተደረገ የደም ቆጠራ ካለዎት ከካርድ ክፍል ፈልገው ያውጡት። ከ2009 ዓ.ም. በፊት የነበረው ቁጥርዎ ዛሬ በወረቀቱ ላይ ከታተመው ከማንኛውም ልክ የበለጠ ይመሰክራል።


መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ከባሕር ዳር

በመልካም ጥያቄ ላይ መልካም መልስ ተሰጥቷል። እኔ የማግኔቱን በኩል ልያዝ።

«መግነጢሳዊ መስክ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ስለሚመስል ብዙ ክርክር ያለ አግባብ ይራዘማል። በኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ሦስት የተለያዩ መስኮች አሉ። የመጀመሪያው መሣሪያው ቢሠራም ባይሠራም ሌት ተቀን የማይጠፋው ቋሚ መስክ ሲሆን፣ የእናንተው 1.5 ቴስላ አዲስ አበባ ላይ ካለው የመሬት መስክ በአርባ ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። (አገራችን ለመግነጢሳዊው ምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የመሬት መስክ በእኛ ዘንድ ወደ 36 ማይክሮቴስላ ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958፣ የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው።) ሁለተኛው ምስሉ በሚነሳበት ጊዜ ብቻ በፍጥነት የሚለዋወጠውና ያንን የሚያደነቁር ድምፅ የሚያሰማው መስክ ነው። ሦስተኛው በ1.5 ቴስላ መሣሪያ ላይ ወደ 64 ሜጋኸርዝ የሚሆነው የራዲዮ ሞገድ ነው። እርስዎ በሩ ተዘግቶ ከመስታወቱ ጀርባ ሲቀመጡ ከኋለኞቹ ሁለቱ የሚደርስብዎት እጅግ ጥቂት ነው። የሥራዎ ዋና ተጋላጭነት ወደ ማግኔቱ አፍ በሚጠጉበት ጊዜ የሚያገኝዎት ቋሚ መስክና በዚያ መስክ ውስጥ የሚያደርጉት የራስዎ እንቅስቃሴ ነው።

ይህ መስክ የአንድን ሊምፎሳይት ዲኤንኤ ሊሰብር የሚችል ኃይል አለውን? የ64 ሜጋኸርዝ ሞገድ አንዱ ፎቶን የሚይዘው ኃይል የዲኤንኤን ኬሚካዊ ትስስር ለመበጠስ ከሚያስፈልገው ከአሥር ሚሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል። ቋሚው መስክ በአንድ ኤሌክትሮን ላይ የሚያሳድረው ኃይልም በሰውነት ሙቀት ምክንያት እያንዳንዱ ሞለኪውል ከሚርገበገብበት ኃይል ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ወጣቷ ባልደረባዎ ልትዛወርበት የጠየቀችበት የኤክስሬይ ክፍል ግን ትስስር ለመበጠስ በቂ ኃይል ያለው ጨረር የሚመረትበት ክፍል ነው። ይህን የምለው በአግባቡ በተከለለ የኤክስሬይ ክፍል መሥራት ያሰጋል ለማለት ሳይሆን፣ ከሁለቱ አንዱን ሸሽቶ ወደ ሌላው መሄድ በፊዚክስ ዓይን ምክንያት ስለሌለው ነው።

በደማችን ውስጥ ያለው ብረትም ብዙዎችን ያሳስታል። በሄሞግሎቢን ውስጥ የታሰረው የብረት አቶም እንደ ሚስማር በማግኔት አይሳብም፤ ቢሳብማ ኖሮ ሕመምተኛው ገና ሲተኛ ይታወቅ ነበር። ከዚህ ለየት የሚለው የወባ ተሕዋስ ሄሞግሎቢንን በልቶ የሚተወው ሄሞዞይን የተባለው ጥቁር ቅንጣት ነው። ይህ ቅንጣት በማግኔት በደካማው ይሳባል፤ በላቦራቶሪ ውስጥም በወባ የተያዙ ቀይ ሕዋሳትን፣ እንዲሁም ያንን ቅንጣት የዋጡ ሞኖሳይቶችን በጠንካራ ማግኔት ለይቶ ማውጣት ይቻላል።

ሐቀኛ ለመሆን ግን አንድ በር ክፍት መተው አለብኝ። መግነጢሳዊ መስክ ኃይል ሳይጨምር የኬሚካዊ ምላሽን አቅጣጫ የሚያዛባበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ። ሁለት ነጻ ራዲካሎች (ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያላቸው ሞለኪውሎች) አብረው ሲወለዱ የኤሌክትሮኖቻቸው ስፒን፣ ማለትም እያንዳንዱን ኤሌክትሮን እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ፣ አንድ ላይ ይቀናጃል፤ መስኩ ይህን ቅንጅት በመለወጥ ራዲካሎቹ ተመልሰው ይገናኙ ወይስ ተለያይተው ይሂዱ በሚለው ላይ ተጽዕኖ ያሳድራል። ስደተኛ ወፎች በዓይናቸው ውስጥ ባለ ክሪፕቶክሮም በተባለ ፕሮቲን የመሬትን መስክ የሚያውቁት በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። ኒውትሮፊሎችና ማክሮፋጆች ባክቴሪያን የሚገድሉት ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ራዲካል በማምረት ስለሆነ፣ መስኩ በእነርሱ ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ሳይንስ ነው። መላምቱ በሕዋስ ውስጥ መፈተን ግን አለበት፤ ፈተናውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።


መልስ፦ የሕዋስ ተመራማሪ፣ ከስዊድን

መምህሩ ወደ ከፈቱት በር ልግባ፤ ለዓመታት የሠራሁት በዚሁ ዙሪያ ነውና።

በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ለዚህ ጥናት የተመረጡበት ምክንያት አለው። ሊምፎሳይት ጠላቱን ሲያውቅ የመጀመሪያ ሥራው በውስጡ ያለውን የካልሲየም መጠን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መከፋፈልም ሆነ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ማምረት በዚህ ምልክት ላይ የተመሠረተ ነው። መስኩ ካልሲየሙን የሚነካ ከሆነ ሁሉንም ይነካል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የኡሜኦ ከተማ ተመራማሪዎች 50 ኸርዝ የሆነና ወደ 0.1 ሚሊቴስላ የሚጠጋ ደካማ መስክ ጁርካት በተባሉ የሰው ቲ ሕዋሳት (ቲ ሕዋስ አንዱ የሊምፎሳይት ዓይነት ነው) ውስጥ የካልሲየም መወዛወዝ እንዳስነሳ አስታወቁ። ውጤቱ ታላቅ ነበር። የመስኩ መጠን በቤት ዕቃ አጠገብ ሊገኝ የሚችል፣ ሕዋሱም የሰው፣ ምልክቱም በመማሪያ መጽሐፍ የሚታወቅ ነበርና ብዙዎቻችን «እነሆ መንገዱ ተገኘ» ብለን ነበር።

ከዚያም የአሜሪካ የሙያ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች ያንኑ ሕዋስ፣ ያንኑ ድግግሞሽ ይዘው ሥራውን ደገሙት። ጁርካት ሕዋሳት ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ጊዜ ካልሲየማቸውን የሚያወዛውዙ መሆናቸው ችግሩን ያከብደዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው «መወዛወዝ ታየን?» ሳይሆን «መስኩ ባለበት ጊዜ ከሌለበት ጊዜ ይልቅ በዝቶ ታየን?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመው ውጤታቸው መስኩ ያመጣው ልዩነት አልተገኘም። የኡሜኦ ሰዎች ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ በባሕርዩ የሚዋዥቅ ነገር ሲለካ የአንድ ላቦራቶሪ ዓይን ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

የራሴንም ስህተት ልናገር። በተማሪነቴ ዘመን ከሰው ደም የተለዩ ሊምፎሳይቶችን በጥቅል ሽቦ መካከል አድርጌ ለመስክ ሳጋልጥ መከፋፈላቸው በግልጽ ጨምሮ አገኘሁ፤ ለሦስት ወራትም ያንን ውጤት ይዤ በደስታ ቆየሁ። በኋላ አንድ አንጋፋ ባለሙያ «ጥቅል ሽቦው ይሞቃልን?» ብለው ሲጠይቁኝ በሳህኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለካሁ፤ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ሊምፎሳይት ደግሞ ለትኩሳት እንዲነቃ ሆኖ የተፈጠረ ሕዋስ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሽቦ አብሮ የተጠቀለለበትን መሣሪያ ሠራሁ፤ የሁለቱ ሽቦዎች ፍሰት በአንድ አቅጣጫ ሲሆን መስክ ይፈጠራል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሆን መስኩ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ግን በሁለቱም አንድ ነው። የትኛው ሳህን በየትኛው ውስጥ እንደነበረ ቆጣሪው እንዳያውቅ ሲደረግ ያ ግልጽ ልዩነት ጠፋ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሕዋሳት የሚያድጉበት ኢንኩቤተር ራሱ ሞተርና የብረት አካል ስላለው፣ በአንዱ መደርደሪያ ላይ ያለው መስክ ከሌላው መደርደሪያ በአሥሮች፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ በሆነ ማይክሮቴስላ እንደሚለያይ ተለክቷል። የ50 ማይክሮቴስላን ተጽዕኖ እያጠና የማነጻጸሪያ ሳህኑን ሳያውቅ በ80 ማይክሮቴስላ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ምን እየለካ ነው? በዚህ መስክ የታተሙ ጽሑፎችን ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የሙቀቱንና የማነጻጸሪያውን መግለጫ ነው፤ ካላገኘሁት ውጤቱን በጥርጣሬ አነባለሁ።

አሁን እርስዎ ወዳነበቧቸው ሁለት ጽሑፎች ልምጣ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የዙሪክ ጥናት ይመስለኛል፤ የልብ ኤምአርአይ ምርመራ ባደረጉ ሃያ ሕሙማን ሊምፎሳይቶች ውስጥ የዲኤንኤ ድርብ ስብራት ምልክት መጨመሩን ዘግቧል። ያ ምልክት ስብራቱ ባለበት ቦታ የሚለወጥ ኤች2ኤኤክስ የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ በማይክሮስኮፕ እንደ ነጠብጣብ ይቆጠራል። ዘዴው እጅግ ረቂቅ ነው፤ ነገር ግን ያለ ምንም ተጋላጭነት የሚገኝ የራሱ መነሻ ቁጥር አለው፣ በአንድ ሰው ላይም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለያያል። የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት በሆነና ከምርመራው በፊትና በኋላ የተወሰደ ደም ብቻ በሚነጻጸርበት ጊዜ፣ በመሣሪያው ውስጥ የተኛ ሰው ጭንቀት፣ የጊዜው ማለፍና የተወጋው መድኃኒት ሁሉ ከመስኩ ጋር ተደባልቀው ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኤርላንገን በ1.5 ቴስላ የተደረገው ጥናት ጭማሪ አላገኘም፤ በ2016 የታተመውና በ7 ቴስላ ተደጋጋሚ ተጋላጭነትን የመረመረው የጀርመን ጥናትም እንዲሁ። ጉዳቱ ከማግኔቱ የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ከአራት እጥፍ በላይ በሚበረታው በ7 ቴስላ ላይ ይበልጥ ጎልቶ መታየት ነበረበት። ከሁለቱ የትኛውን ልመን ላሉት የእኔ ፍርድ ሚዛኑ ወደ «ለውጥ የለም» በግልጽ ያጋደለ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ በየቀኑ በእጄ የማደርገውን ልንገርዎት። ቲ ሕዋሳትን ከደም ለመለየት 50 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን በፀረ እንግዳ አካል አማካይነት እናጣብቅባቸውና በጠንካራ ማግኔት መካከል በተተከለ ቱቦ ውስጥ እናሳልፋቸዋለን፤ የምንፈልጋቸው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይፈስሳሉ። ለካንሰር ሕክምና በዘረመል ተለውጠው ወደ ሕመምተኛው የሚመለሱ ቲ ሕዋሳት በብዙ ቦታ የሚዘጋጁት በዚሁ መንገድ ነው። ከማግኔቱ ሲወጡ በሕይወት ናቸው፣ ይከፋፈላሉ፣ የካንሰር ሕዋስንም ይገድላሉ።


መልስ፦ የኃይል ማስተላለፊያ መሐንዲስ፣ ከወላይታ ሶዶ

ውይይቱን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር ወደ «አያሰጋም» ያጋደለ ስለመሰለኝ ሌላውን ወገን ላቅርብ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወጣውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው መግነጢሳዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ምክንያቱም ከ0.4 ማይክሮቴስላ በላይ በሆነ አማካይ መስክ ውስጥ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የደም ካንሰር በእጥፍ ገደማ በዝቶ መታየቱ ነው። የደም ካንሰር ደግሞ የእነዚሁ የነጭ ሕዋሳት በሽታ ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ1990 ዴቪስና ሚልሃም የተባሉ ተመራማሪዎች በአሉሚኒየም ማቅለጫ ፋብሪካ በሚሠሩ 23 ሰዎች ደም ላይ የቲ ሕዋሳት ሚዛን መዛባቱን ዘግበዋል። እኛ ከሶዶ ወደ ኬንያ በሚሄደው 1,045 ኪሎሜትር በሚሆነው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ለሚያርሱ ገበሬዎች ምን ብለን እንመልስ? ማስረጃው እስኪሞላ መጠንቀቅ አይሻልምን?


መልስ፦ የሕዋስ ተመራማሪ፣ ከስዊድን

የመሐንዲሱን ተቃውሞ በእጅጉ አከብራለሁ፤ የጠቀሷቸው ሁለቱም ነገሮች እውነት ናቸውና።

የ2002ቱ ምደባ ከ50 ወይም 60 ኸርዝ ተለዋዋጭ መስክ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ሰነድ ቋሚ መስክ የተመደበው «መረጃው ለመፈረጅ አይበቃም» በሚለው ሥር ነው። የሶዶው መስመር ደግሞ ቀጥተኛ ፍሰት የሚያስተላልፍ በመሆኑ የሚያመነጨው ቋሚ መስክ ነው። በሙሉ አቅሙ 2,000 ሜጋዋት በ±500 ኪሎቮልት ቢያስተላልፍ በእያንዳንዱ ወገን 2,000 አምፔር ይፈስሳል፤ አንዱ ሽቦ ብቻውን ቢሆን እንኳ በ20 ሜትር ርቀት ላይ 20 ማይክሮቴስላ ያህል ብቻ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ሽቦ በተቃራኒ ስለሚፈስ ከዚህም ይቀንሰዋል። ይህ ገበሬው ከተወለደ ጀምሮ ከሚኖርበት ከመሬት መስክ ያነሰ ነው።

የሕፃናቱን የደም ካንሰር ጉዳይ ግን ማንም አቃልሎ ሊያልፈው አይገባም። ግንኙነቱ በበርካታ አገሮች መረጃ ላይ ታይቷል፤ በዚያን ያህል ከፍ ባለ መስክ ውስጥ የሚኖሩት ሕፃናት ግን ጥቂት ስለሆኑ አጋጣሚንና የአመራረጥ አድልዎን ማግለል አልተቻለም፣ በሕዋስ ደረጃ የሚያስረዳ መንገድም አልተገኘም። ለተለዋዋጭ መስክ አዲስ መስመር ሲዘረጋ ከመኖሪያ ቤትና ከትምህርት ቤት ማራቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ከሆነ ማራቁ ተገቢ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የሰጠውም ምክር በዚሁ መንፈስ ነው። ያው የ2007 ግምገማ ስለ በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የደረሰበት ድምዳሜ ግን ማስረጃዎቹ እርስ በርስ የማይስማሙ መሆናቸው ነው።

የአሉሚኒየም ሠራተኞቹ ጥናት ጠቃሚ ጥያቄ አንስቷል፤ ሆኖም በማቅለጫው አጠገብ የሚሠራ ሰው ከመስኩ ጋር የሬንጅ ጭስ፣ ፍሎራይድና ብርቱ ሙቀት አብሮ ይቀበላል። ከዚህ የተሻለ የተነጠለ ሙከራ አለን። በፓሪስ ተመራማሪዎች ከ20 እስከ 30 ዓመት የሆኑ 32 ጤናማ ወጣት ወንዶችን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት በ10 ማይክሮቴስላ፣ 50 ኸርዝ መስክ ውስጥ አሳድረው ደማቸውን ካልተጋለጠው ቡድን ጋር አነጻጽረዋል። የሊምፎሳይቶቹ ዓይነትም ሆነ ቁጥር አልተለወጠም። በኋላም በማስተላለፊያ ጣቢያዎች እስከ 20 ዓመት የሠሩ ወንዶችን መርምረው ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል፤ ያው ቡድን ሰዓቱን ጠብቆ በመለካቱ የጅማው ባለሙያ ያነሱትን ስህተት አስቀርቷል። ሁለተኛው ጥናት በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ በመሆኑ ሁሉንም ጥያቄ ይዘጋል አልልም፤ ለሥራ ባልደረቦችዎ ግን ከፋብሪካው ጥናት የበለጠ የሚቀርባቸው ይህ ነው።


መልስ፦ ራዲዮግራፈሯ፣ ከአዲስ አበባ

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ተቀብዬ ከካርድ ክፍል የቅጥር ምርመራዬን አስወጣሁ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ማግኔቱን ገና ሳላየው፣ ነጭ የደም ሕዋሳቴ 3,600፣ ኒውትሮፊሎቼ 1,400 ነበሩ። በዚህ ሳምንትም በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ጊዜ አስመርምሬ 3,500 እና 3,700 አገኘሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቁጥሬ ባለበት ቆይቷል ማለት ነው፤ ያው ቀስት ያኔም ታትሞ ነበር፣ ያኔ ግን ማንም አላስተዋለውም።

አሁን የሚያሳስበኝ ባልደረባዬ ነው። እርሱ ከአምስት ዓመት በፊት ሲቀጠር 6,200 ነበረው፤ ዛሬ 3,100 ነው። እርሱም «ማግኔቱ ነው» ብሎ ስለደመደመ የመዛወሪያ ማመልከቻውን እየጠበቀ ነው እንጂ ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ከሁለታችን የተለያየ ታሪክ ምን ልረዳ?


መልስ፦ የደም ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከጅማ

እህቴ፣ የእርስዎ ቁጥር የራስዎ መደበኛ ልክ ይመስላል፤ ሁለቱንም ወረቀቶች አንድ ላይ በካርድዎ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ወደፊት የሚያዩዎት ሐኪም ሁሉ እንዲያያቸው ያድርጉ።

የባልደረባዎ ግን የተለየ ነው። የራሱ ቁጥር በግማሽ ወርዷል፤ ይህ በዳፊ ሊገለጥ አይችልም፤ ያ ሲወለድ ጀምሮ የሚኖር ነውና። በእርሱ ላይ ያለኝ ሥጋት ማግኔቱ አይደለም፤ ሥጋቴ ማግኔቱን ምክንያት አድርጎ መታከም የሚችል ነገር ሊያሳልፍ መቻሉ ነው። በመጀመሪያ ቆጠራው ይደገም፣ ከዓይነት ልየታውና በማይክሮስኮፕ ከሚታይ የደም ቅብ ጋር፤ የቀነሰው ኒውትሮፊል ነው ወይስ ሊምፎሳይት፣ ቀይ ሕዋሱና ፕሌትሌቱስ አብረው ወርደዋልን የሚለው መንገዱን ይለየዋል። የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ይጻፍ፣ ያለ ማዘዣ የገዛውም ጭምር። የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስና የታይሮይድ ምርመራ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የፎሌት መጠን፣ የጣፊያውም (የስፕሊኑ) መጠን መታየት አለባቸው፤ በቅርቡ ጉንፋን መሰል ሕመም ይዞት ከነበረም ይነገር፣ ቫይረስ ብቻውን ለሳምንታት ቁጥሩን ሊያወርደው ይችላልና። ትኩሳት ከያዘው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይሂድ።

ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሲሄድ እርስዎ አብረውት ቢሄዱና የ2009ኙን ወረቀትዎን ይዘው ቢያሳዩለት መልካም ነው፤ በአንድ ክፍል የሚሠሩ የሁለት ሰዎች ቁጥር ለምን እንደሚለያይ ሐኪሙ በአንድ ጊዜ ያየዋል። የደም ቅቡን ፎቶ እዚህ ብታስቀምጡልን እኔም በደስታ አነበዋለሁ።